ሰባት ቤት ስንቆጥር ያልቆጠርነው፦ ስለ ድንገተኛ ሞት ታሪክ ከሮም

በቅድሚያ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬም ከዚያው ነው። ስለ ልብ በሽታ እንድጽፍ ያስገደደኝ ዕውቀት ሳይሆን፣ አንዲት ሐኪም ለጠየቀችኝ ቀላል ጥያቄ የሰጠሁት የተሳሳተ መልስ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢጣልያ ውስጥ አንድ ልጅ ክለብ ገብቶ ለውድድር ኳስ መጫወት ከፈለገ፣ ለስፖርቱ ብቁ መሆኑን የሚመሰክር የሐኪም ወረቀት ማቅረብ አለበት። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1982 በወጣ የጤና ሚኒስቴር ድንጋጌ መሠረት ይህ ምርመራ የልብን የኤሌክትሪክ ምት በወረቀት ላይ የሚያነሳውን ኢ.ሲ.ጂ. ይጨምራል። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። የሐበሻ ልጅ ሆኖ ሮም ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ቤት ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ስንጨቃጨቅ ጆሮውን ደፍኖ፣ ውጭ ሲወጣ ነፍሱን ለኳስ የሰጠ ልጅ ነው። ለወረቀቱ ይዤው ሄድኩ። አስተኝተው ምቱን አነሱ፤ አንድ ሳጥን ላይ ለጥቂት ደቂቃ ካስወጡና ካስወረዱት በኋላ ደግመው አነሱ።

ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ዝም አለች። ከመሳቢያዋ ማስመሪያ አወጣች። ትንንሾቹን ካሬዎች ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ከዚያም ቀና ብላ «በቤተሰባችሁ ውስጥ ገና በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«የለም» አልኳት። አላቅማማሁም።

ወደ ቤት በትራም ስንመለስ ነው እህቴ ትዝ ያለችኝ። እህቴ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ጎንደር ውስጥ በትምህርት ቤት የሩጫ ውድድር ላይ ወድቃ በዚያው ቀረች። እኔ ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «መጋኛ መታት» አለ፤ ነገሩ በዚያ ተዘጋ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ደግሞ እኔ ከመወለዴ በፊት ጎርጎራ ላይ ጣና ውስጥ ሰምጦ ነው የሞተው። ውኃ ዳር ያደገ፣ ዋና ከልጅነቱ ጀምሮ የሚችል ሰው ነበር፤ «ውኃ ወሰደው» ተባለ። እንግዲህ እነዚህን ሁለት ሞቶች በዕድሜዬ ሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስቀምጬአቸው አላውቅም ነበር። አንዱ የመጋኛ፣ ሌላው የውኃ ነዋ! እያንዳንዱ ሞት የየራሱ ስም ተሰጥቶት ስለነበር፣ ስሙ ጥያቄውን ዘጋው። ሐኪሟን ልዋሻት አልፈለግሁም፤ ግን ዋሸኋት።

የሚቀጥለው ሳምንት ልጄ ወደ ልብ ምት ስፔሻሊስት ተላከ። የተሰጠን ስም ሎንግ ኪው-ቲ ይባላል፤ በዘር የሚተላለፍ የልብ ምት መዛባት ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት መሐንዲስ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግሁ። ማንበብ ጀመርኩ። የምኖርበት ከተማ በዚህ ጉዳይ ላይ የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ እንዳለው የተረዳሁትም በዚህ ጊዜ ነው።

ሮም፣ 1705

በ1705 እና በ1706 ሮም ውስጥ ሰዎች በድንገት እየወደቁ መሞት ጀመሩ። ቢያንስ የከተማው ሕዝብ እንደዚያ አመነ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1703፣ መካከለኛውን ኢጣልያ ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ድንጋጤው ገና አልለቀቀም፤ አውሮፓም በስፔን ዙፋን ጦርነት እየታመሰች ነበር። በዚህ ላይ ትናንት ጤነኛ የነበረ ሰው ዛሬ ጠዋት ክልትው ብሎ ሲቀር፣ ሕዝቡ ከላይ የመጣ ቁጣ ነው ብሎ ቢሸበር አይፈረድበትም። ድንገተኛ ሞት ለዚያ ዘመን ሰው የሥጋ ሞት ብቻ አልነበረም። ሳይናዘዝ፣ ሳይቆርብ የሄደ ሰው የነፍሱም ነገር ያሠጋል። እኛስ ዛሬም ቢሆን ስንጸልይ ከድንገተኛ ሞት ሰውረን እንል የለም? የሮማውያኑ ፍርሃት ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 11ኛ ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛው የሚጠበቅ ነው፤ የምሕረት ቅዳሴና ጸሎት ታዘዘ። ሁለተኛው ግን በዚያ ዘመን ሚዛን ሲታይ የሚያስደንቅ ነው። የግል ሐኪማቸው የነበረውን ጆቫኒ ማሪያ ላንቺዚን ጠርተው በድንገት የሞቱ ሰዎች አስከሬን ተከፍቶ እንዲመረመር አዘዙት። ምርመራው የተካሄደው በዩኒቨርሲቲው የአናቶሚ አዳራሽ ውስጥ ነው። ላንቺዚ ያገኘውን በላቲን ጽፎ በ1707 ሮም ውስጥ አሳተመ፤ የመጽሐፉ ርዕስ «ስለ ድንገተኛ ሞቶች» ነው።

የመጽሐፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ድንገተኛ የሚመስለው ሞት ውስጥ ውስጡን ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም በልብ፣ በደም ሥሮችና በአንጎል ውስጥ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። ለሁሉም አንድ የጋራ ምትሐታዊ መንስኤ የለም። ጸሎቱና ቢላዋው በዚያ ከተማ ጎን ለጎን ሄዱ፤ ጳጳሱም አንዱን ለማጽናት ሌላውን አልከለከሉም። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ እመለስበታለሁ።

ላንቺዚ በወጣትነቱ የሠራበት የሳንቶ ስፒሪቶ ሆስፒታል ዛሬም በቲበር ወንዝ ዳር፣ ከቫቲካን አጠገብ ቆሞአል። መጻሕፍቱን ለዚያው ሆስፒታል ሰጥቶ በ1714 የተከፈተው ቤተ መጻሕፍትም በስሙ ይጠራል። ሕንጻውን በ15ኛው መቶ ዘመን እንደ አዲስ ያሠሩት ሲክስቶስ 4ኛ ናቸው። እኚሁ ጳጳስ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለውን ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻን ለአገራችን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያነት የሰጡ ናቸው። አባ ተስፋ ጽዮን በ1540ዎቹ መጨረሻ የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ለማተም የደከሙት፣ ከመቶ ዓመት በኋላም አባ ጎርጎርዮስ ጀርመናዊውን ሉዶልፍን ያገኙት በዚያ ቤት ነው። በአንድ ሰው ፈቃድ የቆሙት ሆስፒታልና ገዳም በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይራራቃሉ። ከቢሮ ስወጣ አንዳንድ ቀን በዚያ በኩል አልፋለሁ። ቅርበቱ ያስገርመኛል፤ ርቀቱም እንደዚሁ።

ቢላዋ የማያየው

የላንቺዚ ዘዴ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። እዚህ ላይ ሙያዬ ያግዘኛል። ልብ ሁለት ነገር ነው፤ ፓምፕ ነው፣ ፓምፑን የሚያዝ የኤሌክትሪክ ዑደትም ነው። ፓምፑ ሲበላሽ ማስረጃ ትቶ ይሄዳል። ግድግዳው ይወፍራል፣ ይሳሳል፣ ይለጠጣል፤ አስከሬን የከፈተ ሰው በዓይኑ ያየዋል። የማዘዣው ምልክት ሲዛባ ግን ምንም አይቀርም። አምፖሉ ሳይቃጠል መብራቱ ጠፍቶ እንደማለት ነው።

ልብ አንድ ጊዜ ከመታ በኋላ ለቀጣዩ ምት ራሱን እንደ ባትሪ መሙላት አለበት። ይህን የሚያደርገው በሕዋሶቹ ግድግዳ ላይ ባሉ ረቂቅ በሮች ፖታሲየምን የመሳሰሉ ጨዎችን እያስወጣና እያስገባ ነው። ከምቱ መጀመሪያ አንስቶ ሙሌቱ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ በኢ.ሲ.ጂ. ወረቀት ላይ ኪው-ቲ ይባላል። ወረቀቱ ላይ አንዷ ትንሽ ካሬ 40 ሚሊሰከንድ ነች። በልብ ምት ፍጥነት ተሰልቶ ሲታረም ለወንድ እስከ 450፣ ለሴት እስከ 460 ሚሊሰከንድ ገደማ ደህና ነው ይባላል። የልጄ 490 ነበር። ልዩነቱ አንዲት ካሬ ናት! በዚያች አንዲት ካሬ ጊዜ ውስጥ፣ ሙሌቱ ሳያልቅ፣ ሌላ ምልክት ከደረሰ ዑደቱ ይታወካል። ልብ መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል፤ ደም አይገፋም። ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ምቱ በራሱ ከተስተካከለ «ወድቆ ተነሳ» ይባላል። ካልተስተካከለና ደረቱን የሚጫን፣ በዲፊብሪሌተር የሚያስደነግጥ ሰው ካልደረሰለት፣ በእያንዳንዷ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል።

እንዲህ ያለውን ልብ ላንቺዚ ቢከፍተው ኖሮ ጤናማ ሥጋ ብቻ ባየ ነበር። ታዲያ ሳይንስ ወደዚህ በሽታ እንዴት ደረሰ? መልሱ ዘመዶችን በመጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ጠያቂም ራሱ ላንቺዚ ይመስላል። ከሞተ በኋላ በ1728 በታተመው ስለ ልብ እንቅስቃሴ በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አለ። በአራት ትውልድ ውስጥ የልብ ትርታ፣ የልብ ድካም፣ የልብ ክፍል መለጠጥና ድንገተኛ ሞት ይፈራረቁበታል። የዛሬዎቹ የፓዶቫ ሐኪሞች በ1980ዎቹ ዝርዝሩን ያወጡት፣ በቀኙ የልብ ክፍል ላይ የሚበረታውና በዘር የሚተላለፈው የልብ ጡንቻ በሽታ የመጀመሪያ መዝገብ ይህ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

ከዚያ በኋላ የመጡትም በዚሁ መንገድ ነው የመጡት። በ1856 ሜይስነር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስለ አንዲት መስማት የተሳናት ልጅ ጻፈ። ልጅቷ ጥፋት ሠርታ በትምህርት ቤቱ ኃላፊ ፊት ስትቀርብ ወድቃ ሞተች። ወላጆቿ ሲነገራቸው አልተደነቁም፤ ከዚያ በፊት ሁለት ልጆቻቸው አንዱ በድንጋጤ፣ አንዱ በንዴት እንዲሁ ሞተውባቸው ነበርና። በ1957 የርቬልና ላንገ-ኒልሰን የተባሉ ሐኪሞች አንድ የኖርዌይ ቤተሰብ አጋጠማቸው። ከስድስት ልጆች አራቱ መስማት የተሳናቸውና ራሳቸውን የሚስቱ ነበሩ፤ ሦስቱ በልጅነታቸው በድንገት ሞቱ። በዚህ ጊዜ ኢ.ሲ.ጂ. ነበረና የኪው-ቲው መርዘም ተነበበ። በ1963 የጄኖቫው የሕፃናት ሐኪም ቼዛሪኖ ሮማኖ፣ በ1964 ደግሞ የደብሊኑ ኮነር ዋርድ፣ መስማት በማይሳናቸው ልጆች ላይ ያንኑ ነገር ጻፉ። ሁለቱም ዘንድ ሐኪሙን ወደ እውነቱ ለመምራት የረዳው የቤተሰብ ታሪክ ነው። በ1995 እና በ1996 ማርክ ኪቲንግና ባልደረቦቹ በሽታውን የሚያስከትሉትን ዋና ዋና ጂኖች አሜሪካ ውስጥ ሲለዩ፣ ደማቸውን የሰጡት ሟቾቻቸውን በዝርዝር መቁጠር የቻሉ ትልልቅ ቤተሰቦች ነበሩ።

ዛሬ የምናውቀው ይህ ነው። አብዛኛው የሎንግ ኪው-ቲ ዓይነት ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ኢጣልያ ውስጥ ከ44,000 በሚበልጡ አራስ ሕፃናት ላይ ተሠርቶ በ2009 የወጣ ጥናት በሽታው ከ2,000 ሰው አንዱን ገደማ እንደሚይዝ አሳይቷል። የሚቀሰቅሱት ነገሮች እንደየዓይነቱ ይለያያሉ። አንዱን ሩጫና በተለይም ዋና፣ ሌላውን ድንገተኛ ድምፅና ድንጋጤ፣ ሦስተኛውን እንቅልፍ ይቀሰቅሰዋል።

ዋና፣ ሩጫ፣ ድንጋጤ። ይህን ሳነብ ሌሊቱን አልተኛሁም።

መፍትሔውስ?

እግዚአብሔር ይመስገን፣ የዚህ ታሪክ ሁለተኛ ክፍል ተስፋ ያለው ነው። ቤታ ብሎከር የሚባሉት ክኒኖች የብዙውን ሕመምተኛ አደጋ በእጅጉ ይቀንሳሉ፤ ከነዚህ አንዱ የሆነው ፕሮፕራኖሎል አገር ቤትም የታወቀ፣ ርካሽ መድኃኒት ነው። ክኒን ለማይበቃው ደግሞ ደረት ውስጥ ተቀብሮ የሚጠብቅ ዲፊብሪሌተር አለ። ይህን መሣሪያ ያሰበው ሚሼል ሚሮቭስኪ ነው። በ1966 እስራኤል ውስጥ ሲሠራ መምህሩና አለቃው የነበረ ሰው በልብ ምት መዛባት ሞተበት። ሐዘኑን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከባልደረቦቹ ጋር ዓመታት ከደከመ በኋላ መሣሪያው ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1980 ባልቲሞር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ደረት ውስጥ ተተከለ። እንደ መሐንዲስ ስመለከተው፣ ከዚህ የበለጠ ለሐዘን የተሰጠ መልስ አላውቅም።

ኢጣልያ የያዘችው መንገድ ደግሞ አስቀድሞ መፈለግ ነው። በቬኔቶ ክፍለ ሀገር የተሠራና በ2006 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በወጣት ስፖርተኞች ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የልብ ሞት ምርመራው ግዴታ ከመሆኑ በፊት በዓመት ከ100,000 ሰው 3.6 የነበረው በ2004 ወደ 0.4 ወርዷል። የሚተቹት አሉ። አሜሪካኖቹ ወጪው ብዙ ነው፣ ጤነኛውንም ያስደነግጣል ብለው ለሁሉም ኢ.ሲ.ጂ. ማዘዝን አልተቀበሉትም። የእስራኤል ተመራማሪዎችም ከሕጉ በኋላ በአገራቸው ለውጥ አላየንም ብለዋል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ እኔ ግን ልጄን ያገኘሁት በዚያ ሕግ ነውና ገለልተኛ ዳኛ አይደለሁም።

ሕጉ ጨካኝ ፊትም አለው። ካሜሩናዊው ማርክ-ቪቪዬን ፎዬ በ2003 ሊዮን ላይ ሜዳ ውስጥ ወድቆ ሲሞት፣ በአስከሬን ምርመራ የተገኘው ብዙ ጊዜ በዘር የሚወረሰው የልብ ጡንቻ መወፈር ነበር። ክርስቲያን ኤሪክሰን በ2021 ኮፐንሃገን ላይ ወድቆ በዲፊብሪሌተር ተረፈ፤ መሣሪያ ከተተከለለት በኋላ ግን ኢጣልያ ውስጥ መጫወት ስላልተፈቀደለት ኢንተርን ለቀቀ። የሮም ልጅ የሆነው ኤድዋርዶ ቦቬም ዲሴምበር 1 ቀን 2024 ፊሬንዜ ላይ ወድቆ ተርፏል፤ እሱም መሣሪያ ተተክሎለት ከኢጣልያ ሜዳ ራቀ። የኔው ልጅ ብቁ አይደለህም ሲባል ሦስት ሳምንት አላናገረኝም። የኳስ ጫማውን ከነጭቃው በረንዳ ላይ ትቶት ነበር። እናቱ ልታነሳው ስትል «ተዪው» አላት።

እኛ የሌለንበት መዝገብ

ከዚያ የጂን ምርመራው ውጤት መጣ። ልጄም እኔም በአንድ የታወቀ ጂን ላይ ለውጥ ተገኝቶብናል፤ ነገር ግን ወረቀቱ «ትርጉሙ ያልታወቀ» ይላል። እንዴት ይሆናል ብዬ ጠየቅሁ። የጂን ባለሙያው ሳይሸፋፍን ነገረኝ። እነዚህ መዝገቦች የተገነቡት በአብዛኛው ከአውሮፓ በመጡ ቤተሰቦች ደም ነው። በአፍሪካውያን ላይ አዲስ ለውጥ ሲገኝ ጤናማ ልዩነት ይሁን በሽታ የሚያመዛዝኑበት ማነጻጸሪያ ያንሳቸዋል። ይህ ግምት አይደለም። በ2016 ማንራይና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት እንዳሳየው፣ አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ጥቁሮች የልብ ጡንቻ መወፈር ጂን አለባችሁ የተባሉት በስሕተት ነው። ለውጡ በጥቁሮች ዘንድ የተለመደና ጉዳት የሌለው ቢሆንም፣ መዝገቡ ውስጥ በቂ ጥቁር ስላልነበረ ማንም አላወቀም።

«ታዲያ ትርጉሙ እንዴት ይታወቃል?» አልኩት።

«ዘመዶችህን በመጠየቅ» አለኝ። «ማን ወደቀ? ማን በወጣትነቱ ሞተ? በሕይወት ያሉትስ ኢ.ሲ.ጂ. ቢነሱ የማን ይረዝማል?»

የላንቺዚ ጥያቄ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ወደኔ ዞረ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው የኛ ጉድ የሚጀምረው። በዓለም ላይ ዘሩን መቁጠር የሚችል ሕዝብ ቢኖር እኛ ነን። ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። በጎንደርና በጎጃም እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት ለመካፈል ሽማግሌዎች ከዋናው አባት አንስተው ትውልዱን በቃላቸው ያወርዱት ነበር። ሰፊ የዘር ሐረግ ለማግኘት ለሚጓጓ ተመራማሪ ይህ ወርቅ ነው። ነገር ግን ሰው ሁሉ ከማን እንደተወለደ ስንቆጥር እንዴት እንደሞተ አንቆጥርም። የእድር መዝገባችንም ማን እንደሞተና ስንት ብር እንደወጣ እንጂ በምን እንደሞተ አይጽፍም። የአስከሬን ምርመራ ለረጅም ዘመን በዋነኛነት በአዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ያውም ለፖሊስ ጉዳይ የሚደረግ ነገር ነበር። አገር ቤት የልብ ሕክምና ትኩረት ያረፈው፣ በተገቢው መንገድ፣ የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ በሚመጣውና የብዙ ሕፃናትን ልብ በሚጎዳው በሽታ ላይ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት ማኅበር በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ ያስከፈተው የልብ ማዕከል የዚያ ትግል ፍሬ ነው። የልብ ምት ውርስ ግን ገና ወረፋው አልደረሰውም። ለመጠየቅ ግን ወረፋ አያስፈልግም።

ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ወንድምሽ ሲሞት በትክክል ምን ሆኖ ነበር?»

«ምነው ልጄ፣ ስንት ዘመን ያለፈውን ቁስል ዛሬ ምን ቀሰቀሰህ?»

ነገርኳት። ረጅም ዝምታ ሆነ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ተናገረች። ውኃው የረጋ ነበር አለች። አብሮት የነበረው ጓደኛው አልጮኸም፣ አልተፍጨረጨረም፣ እየዋኘ ሳለ እንደ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው ብሎ ምሎላቸዋል። ማንም አላመነውም። ጭራሹን «ገፍቶት ይሆናል» ተብሎ ታምቶ አገር ለቆ ሄደ። ሳልጠይቃትም ቀጠለች። የአባቷ እህት መርዶ በማለዳ ሲነገራት፣ የመጀመሪያው ጩኸት እንደተሰማ ወድቃ አልተነሳችም፤ እሷን ደግሞ «ሐዘን ገደላት» ነው የተባለው። መጋኛ፣ ውኃ፣ ሐዘን። ሦስት ስም ለአንድ ነገር፤ በመካከሉም ስሙ የጠፋ አንድ ንጹሕ ሰው።

ከእናቴ ቀጥሎ የደወልኩት ለታላቅ ወንድሜ ነው። የሱ ነገር ከበደኝ። «ልጅቷ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። አሁን ዘራቸው በሽታ አለበት ልታሰኘን ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ወንድም ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም። አገር ቤት «የሚወድቅ ዘር አለባቸው» የተባለ ቤተሰብ ልጆቹን ለመዳር ምን ያህል እንደሚቸገር እሱ ያውቃል፤ እኔ ከሮም ሆኜ ረስቼዋለሁ። በሎንግ ኪው-ቲ ራሱን የሚስት ሰው በዓለም ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚጥል በሽታ አለበት ተብሎ በስሕተት ይታከማል። እኛ ዘንድ ደግሞ ስሕተቱ ላይ እፍረት ይጨመርበታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን እንተርታለን፤ እየተረትንም እንደብቃለን።

በሦስተኛው ቀን የደወለችልኝ ሙሽራይቱ ራሷ ነች። «አጎቴ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «እኔ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። ለእማዬ ብቻ ነው የነገርኳት። ጠበል ወሰደችኝ፤ ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ አለችኝ።» ጠበሉን እንድትተው አልነገርኳትም። ቀሌምንጦስም ቅዳሴውን አላስቀሩም። «ጠበሉንም ተጠመቂ፣ ኢ.ሲ.ጂ.ውንም ተነሺ» ነው ያልኳት። ጎንደር ውስጥ ተነሳች፤ ረዘመ። የእናቴም ተነሳ፤ በሰባ ስምንት ዓመቷ አንድም ቀን ሳትወድቅ የኖረችው እናቴ የሷም ረዝሞ ተገኘ። በሽታው እንዲህ ነው። አንዱን ተሸክሞት ያልፋል፣ ሌላውን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ይጥለዋል።

የወንድሜ ልጅ ዛሬ ክኒኗን ትወስዳለች። የኪው-ቲ ጊዜን የሚያስረዝሙ መድኃኒቶች ዝርዝርም ይዛለች። ዝርዝሩ ውስጥ እንደ ኤሪትሮማይሲን ያሉ አንቲባዮቲኮች፣ አገር ቤት ለአንድ ዓይነት ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪንም አሉበት፤ ስለዚህ ወባ ቢይዛት እንኳ ለሐኪሙ ቀድማ መናገር አለባት። ለእጮኛዋ የነገረችው ራሷ ናት። ሰርጉ በቀኑ ተደረገ። ሁሉም ግን እንዲህ አላማረም። በእናቴ በኩል ያሉ አንድ ዘመዳችን ልጆቻቸውን ማስመርመር አይደለም ስልኬንም አያነሱም፤ እስከ ዛሬ እየደወልኩ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው። እኛ በውጭ ያለነው ስለ አገራችን ታሪክ ስንከራከር ዘመናት አልፈዋል፤ የየቤታችንን ታሪክ ግን ለሐኪም ስንጠየቅ «የለም» እንላለን። ወላጆቻችሁ በሕይወት ሳሉ ደውሉና ጠይቁአቸው። ማን ወደቀ? ማን በዋና፣ በሩጫ፣ በእንቅልፉ፣ በድንጋጤ ቀረ? የሚያስጠረጥር ነገር ከተገኘ አንዲት ኢ.ሲ.ጂ. ጥቂት ደቂቃ ነው የምትወስደው። በየማኅበራችንና በየቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ደግሞ ከስብሰባዎቻችን አንዱን ደረት በመጫንና በዲፊብሪሌተር ለሚሰጥ የአንድ ቀን ሥልጠና ብናውለው ምን ይጎድልብናል? ኢጣልያ በ2021 ባወጣችው ሕግ መሣሪያው በየሕዝብ ቦታው እየተሰቀለ ነው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ግን ማንንም አያድንም።

በቅርቡ የእናቴን ቃል እየሰማሁ የዘር ሐረጋችንን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አወረድኩት። ልጄ ማስመሪያውን ይዞ መስመሩን አሰመረ። እሷ በስልክ እየቆጠረች፣ እኔ እየጻፍኩ፣ እሱ እያሰመረ ስድስት ቤት ደረስን። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ አንድ ባዶ ቦታ ተውን። በእህቴ ስም አጠገብ ልጄ ብዕሩን ይዞ «ምን ልበል?» አለኝ።

«ልብ» ብለህ ጻፍ አልኩት።

ቸር ይግጠመን።